«አባ፣ ቅኔ የት ነው የቆጠሩት?»

ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ መካነ ሰላም ላይ ለክህነት የሚማር ልጅ ሲባል ሰው የሚታየው አንድ መልክ ነው፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ በዱላ እየመከተ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል የቆሎ ተማሪ። የካቶሊኩ ዘርዓ ክህነት ተማሪ ግን አልጋና ወንበር አለው፣ ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ይማራል። ቦረናና ሳይንት የሙስሊሙና የኦርቶዶክሱ አገር ስለሆኑ ካቶሊኩ የሚለካው በጎረቤቱ ነው።

አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ «ወግ አጥባቂ» የሚባለው ወጣት ሴሚናሪስት የሚናፍቀው የላቲኑን ቅዳሴ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2021 ገደብ ያበጁለትም ይህንኑ ነው። እኛ ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል። ላቲኑ የትናንት እንግዳ ነው፤ ነባሩ ግዕዝ ነው።

የግዕዝና የላቲን ክርክሩ የተጀመረው ከዓባይ ማዶ ከመጣ ሰው ጋር ነው። ከቦረና በስተምዕራብ፣ ከሸለቆው ባሻገር መርጡለ ማርያም አለች፤ አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 የተወለዱት በዚያ አካባቢ ነው። የካቶሊኩ ሚስዮናዊ ዮስጢኖስ ደያቆቢስ በ1839 አድዋ ሲገቡ የአገሩን መነኩሴ ልብስ ለበሱ፣ በአገሩ ሥርዓት ጸለዩ። ገብረ ሚካኤል ወደሳቸው የመጡት ፊደል ሊቆጥሩ አልነበረም፤ የበሰሉ ሊቅ ነበሩ። ተማሪ ከመሆን ይልቅ የግዕዝ መምህር ሆኑላቸው ቢባል ይቀላል። በ1851 ቅስና ተቀበሉ፤ በ1855 በዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ኋላ በሰንሰለት ሲጎተቱ ሞቱ።

እ.ኤ.አ. በ1846 ለኦሮሞው አገር የተሾሙት ሚስዮናዊ ጳጳስ አባ ማስያስ ግን የላቲኑን ሥርዓት ነው የተከሉት። የሚገርመው፣ በ1849 ደያቆቢስን ጳጳስ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ሁለቱ መንገዶች እስከ ዛሬ አልተዋሃዱም፤ ሰሜኑና አዲስ አበባ በግዕዝ፣ ደቡቡና ምዕራቡ በአብዛኛው በላቲን ሥርዓት ይቀድሳሉ።

የዘመኑ ድምፅ የተባለው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያናት ወደ አባቶቻቸው ሥርዓት እንዲመለሱ አዘዘ። «አዲሱ» ጉባኤ የጠየቀው አሮጌውን ነበር! መቁጠሪያውንና የመስቀሉን መንገድ ከሚስዮናውያን የወረሱ ምእመናን ግን እነዚህን እንደ ባዕድ አያዩም፤ የእናታቸው ጸሎት ነው።

ደቡብ ወሎ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በግዕዝ ሥርዓት በሚመራው የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት ሥር ነው። በእኔ እይታ ወደ ግዕዙ ለመመለስ ዋናው ችግር ቀሚሱ ወይም ከበሮው አይደለም፤ ሰዓቱ ነው። ግዕዝ በዘርዓ ክህነት ከብዙ ትምህርቶች አንዱ ነው፤ የቆሎ ተማሪው ግን ሌሊት በቃሉ ሲቀጽል ያድራል። አዲስ የተቀባ የካቶሊክ ቄስ ቦረና ላይ አንድ መሪጌታ ቢያገኝ፣ መሪጌታው ስለ ሮም አይጠይቀውም። ቡናው ሁለተኛ ሲቀዳ ቀስ ብሎ፦ «አባ፣ ቅኔ የት ነው የቆጠሩት?»