በቅጠል ውስጥ የተሸሸገ መርፌ

እሾኽ ያለው ተክል እንደሚወጋ ሁላችንም እናውቃለን። እሾኽ የሌለው ለስላሳ ቅጠል ግን እንዴት ሊወጋ ይችላል? ይህን ጥያቄ ያሳደረብኝ በቤታችን የደረሰ ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሜ በበረንዳችን ለጌጥ ከተተከለው ዲፈንባኪያ ከሚባል ተክል አንዲት ቅጠል ቀጥፎ አኘከ። ወዲያው ይጮኽ ጀመር፤ ምላሱና ከንፈሩ አበጠ፤ ምራቁን እንኳ መዋጥ አቃተው። እናቴ አፉን በቀዝቃዛ ውሃ አጥባ ወደ ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነ። ከወላይታ የመጡት ጎረቤታችን ግን አልተደነቁም። «ጥሬ ጎደሬ የቀመሰም እኮ እንዲሁ ነው የሚሆነው» አሉን።

ይህንኑ ለባዮሎጂ መምህራችን ብነግራቸው፣ የዚያኑ ተክል ቅጠል በስሱ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ አሳዩን። በአንዳንዱ ሴል ውስጥ ቀጫጭን መርፌዎች እንደ ጭራሮ እስር ተደርድረው አየሁ። እነዚህ መርፌዎች ካልሲየም ኦክሳሌት ናቸው። ተክሉ በሥሩ ከአፈር የሚስበውን ካልሲየም ራሱ ከሚሠራው ኦክሳሊክ አሲድ ጋር አዋሕዶ ያበጃቸዋል። ቅጠሉ ሲታኘክ መርፌዎቹ ከሴሉ ተወርውረው ምላስን ይወጋሉ። ጎደሬም ይኸው መርፌ አለው፤ በደንብ ሲቀቀል ግን የማቃጠል ኀይሉ ስለሚጠፋ ያለ ሥጋት ይበላል። በሐረርጌ በሚበቅለው የበለስ ቁልቋል ውስጥ ደግሞ ይኸው ማዕድን የኮከብ ቅርጽ ይዞ ይገኛል።

በድሬዳዋ ዙሪያ ገበሬው የሚዘራው ማሽላ ሌላ ዓይነት መሣሪያ አለው፤ ይኸውም ብርጭቆ የሚሠራበት ሲሊካ ነው። ማሽላ፣ እንደ ሌሎች የሣር ወገኖች ሁሉ፣ ሲሊካን ከአፈር ስቦ በቅጠሉ ያከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ አንድ ጥናት፣ የአገራችንን እህል የሚያጠፋው ተምች ሲሊካ የበዛበት ሣር ሲመገብ መንጋጋው እየዶለዶመ፣ ዕድገቱም እየቀነሰ መሄዱ ታይቷል። ይሁን እንጂ መከላከያው ፍጹም አይደለም፤ ተምች ዛሬም ማሽላን ይጎዳልና።

እንግዲህ ተክል እግር ስለሌለው ከጠላቱ ሊሸሽ አይችልም፤ ነገር ግን የቆመበትን አፈር መሣሪያ አድርጎ ይዋጋል። ስለዚህ ወላጆቻችን፣ ለጌጥ የምታሳድጉትን ተክል ጠባይ አስቀድማችሁ እንድትጠይቁ በትሕትና አሳስባለሁ። የእኛን ዲፈንባኪያ አልጣልነውም፤ ነገር ግን ሕፃን ከማይደርስበት ከፍታ ላይ አስቀምጠነዋል።