ያውቁ ኖሯል? 14 ማሊያ የለበሰው ወርዋሪ
በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ ለብዙ ቡድኖች በመጫወት ክብረ ወሰኑን ከያዙት አንዱ ኳስ ወርዋሪው ኤድዊን ጃክሰን ነው፤ 14 ቡድኖች! የአሜሪካ ወታደር ልጅ ሆኖ ጀርመን ውስጥ መወለዱን ስናይ፣ አገር ለአገር መዞሩን ገና በልጅነቱ የጀመረው ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2003፣ ልክ 20 ዓመት በሞላው ቀን፣ ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ባደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ዝነኛውን ወርዋሪ ራንዲ ጆንሰንን ረታ። በ2010 ለአሪዞና ተሰልፎ 149 ኳሶች ሲወረውር የታምፓ ቤይ መቺዎች አንድም የተሳካ ምት አላገኙም፤ ስምንት ጊዜ ግን ዒላማ በሳተ ውርወራ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ሸኝቷቸዋል። በጁላይ 2011 ደግሞ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተዛወረ፦ ከቺካጎ ዋይት ሶክስ ወደ ቶሮንቶ፣ ከቶሮንቶ ወደ ሴንት ሉዊስ። ሴንት ሉዊስም በዚያው ዓመት ዋንጫውን አነሳ። የቶሮንቶን ማሊያ ለብሶ የተጫወተው ግን በ2019 ነው፤ 14ኛው ቡድኑም ይኸው ሆነ።