«አርብ የታሰረ ሰኞ ይቀርባል» እና ሌሎች ስለ መብት የሚወሩ ወሬዎች

ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. በወልድያ፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ የፀጥታ ኃይሎች በከፈቱት ተኩስ ቢያንስ ሰባት ሰዎች ተገደሉ። ቁጣው በቀናት ውስጥ ቆቦና መርሳ ደረሰ፤ እዚያም የሰው ሕይወት ጠፋ። ገለልተኛ ምርመራ ይደረግ የሚለው ጥሪ ከጄኔቫ፣ ከተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮም መጣ። ነገሩ እንዲህ ከሩቅ ሲሰማ «መብት የፈረንጅ ጉዳይ ነው» ቢባል አይገርምም። እውነታው ግን ሌላ ነው።

ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. ሲጸድቅ ድጋፍ ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9(4) ደግሞ አገሪቱ ያጸደቀቻቸውን ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋል። ይህ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 አንድን ሕፃን ማን ያሳድግ የሚለውን ክርክር የወሰነው የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ ነው። ስለዚህ መርሳ ላይ የሚያስችል ዳኛ ስምምነት ቢጠቅስ የሰው አገር ሕግ አመጣ አይባልም።

አሁን ወደ አርብ እንምጣ። «አርብ ማታ የተያዘ ሰው ቅዳሜና እሁድ ስለማይቆጠሩ ሰኞ ይቀርባል» የሚለውን ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ፖሊስም ጭምር፣ እንደ ሕግ ይዞታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(3) የሚለው ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ነው። ከዚህ የሚቀነሰው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በግምት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለ ቅዳሜ፣ ስለ እሁድም ሆነ ስለ በዓል የተጻፈ ነገር የለም። ሃብሩ ወረዳን እንይ፦ ሰው ከውርጌሳ ወይም ከግራና ቢያዝ ወደ ወረዳው ከተማ ወደ መርሳ የሚወስደው መንገድ በሰዓት እንጂ በቀን አይለካም። መርሳ ላይ ከተያዘ ደግሞ መንገድ ራቀ ብሎ ማመካኘት ያሳፍራል። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ ዳኛ ፊት ቀርቦ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቅ፤ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም።

48 ሰዓቱ ካለፈስ? ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ጣቢያው ደጃፍ ምግብ ይዞ መጠበቅና የሚያውቁት ባለሥልጣን መፈለግ ነው። «አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ» የሚባል መንገድ እንዳለ የሚነግረው የለም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 አቤቱታው የሚቀርበው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ለሃብሩ ሰው ይህ ወልድያ ያለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፣ ከመርሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ታሳሪው ራሱ ማቅረብ ካልቻለ ሌላ ሰው በቃለ መሐላ አስደግፎ ሊያቀርብለት ይችላል። ትእዛዙ ተሰጥቶም ፖሊስ አልፈታም የሚልበት ጊዜ አለ፤ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ይህን ደጋግሞ ገልጿል። ሕመሙ ያለው እዚህ ላይ ነው። መንግሥትን ቃልህን ጠብቅ ስንል ከሁሉ በፊት የዳኛ ትእዛዝ ያልፈጸመ ኃላፊ ይጠየቅ ማለታችን ነው።

ኮሚሽኑን ካነሳን አንድ መደናገር እናጥራ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) እና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) አንድ አይደሉም። ኢሰመኮ በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመ፣ ተጠሪነቱ ለተወካዮች ምክር ቤት የሆነ የመንግሥት ተቋም ነው። ኢሰመጉ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ባልደረቦቻቸው በ1984 ዓ.ም. የመሠረቱት የዜጎች ማኅበር ነው። ሁለቱም አይፈርዱም፣ አያስፈቱም። ኢሰመኮ ግን እስር ቤት ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ገብቶ የማየት ሥልጣን በአዋጅ 1224/2012 ተሰጥቶታል። ይህ ቀላል ሥልጣን አይደለም።

«አስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ መብት የለም» የሚለው ግማሹ እውነት ስለሆነ ለማረም ይከብዳል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ጉዳይ የታወጀው አዋጅ በ2016 ጥር ለአራት ወር ተራዝሞ ግንቦት መጨረሻ ላይ አበቃ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ብዙዎች በጅምላ ተይዘው ኮምቦልቻን ጨምሮ በጊዜያዊ ማቆያዎች ታጎሩ ያለው ግን ከመስከረም 18 ቀን 2017 ጀምሮ ነው። ያኔ የሚጠቀስ አዋጅ አልነበረም፤ የሚሠራው ተራው ሕግ፣ ያው 48 ሰዓቱ ነበር።

አዋጅ በሥራ ላይ ሳለም የማይነኩ መብቶች አሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ከሚዘረዝራቸው መካከል ከጭካኔና ኢሰብዓዊ አያያዝ የመጠበቅ መብትና የእኩልነት መብት ይገኛሉ። ዝርዝሩን ጠጋ ብሎ ያነበበ ግን ይደነግጣል፦ በሕይወት የመኖር መብት እዚያ የለም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ግን በአንቀጽ 4 ይህንን መብት በምንም አዋጅ አይነካም ይላል። ለውጭ የገባነው ቃል በቤታችን ከጻፍነው ይበልጣል ማለት ነው።

ማሰቃየትም እንዲሁ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 ታሳሪን የሚያንገላታ ባለሥልጣንን ይቀጣል፤ ነገር ግን «ማሰቃየት» ከጦር ወንጀል ውጭ በስሙ ተጠርቶ፣ ትርጉም ተሰጥቶት ራሱን የቻለ ወንጀል አልሆነም።

«ሕገ መንግሥት ካልተለወጠ ምንም አይሆንም» የሚል ሰው እዚህ ላይ ይነሳል። የመብቶቹን ምዕራፍ፣ ምዕራፍ ሦስትን፣ መለወጥ በእርግጥ ከባድ ነው፤ አንቀጽ 105 የክልል ምክር ቤቶችን ሁሉ ድምፅ፣ የሁለቱን የፌዴራል ምክር ቤቶች ደግሞ በየራሳቸው ሁለት ሦስተኛ ይጠይቃል። ማሰቃየትን ወንጀል ለማድረግ ግን ተራ አዋጅ ይበቃል። ወደፊት በሚወጣ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ውስጥም «በሕይወት የመኖር መብት አይነካም» የሚል አንድ አንቀጽ ለማስገባት ከተወካዮች ምክር ቤት የሚፈለገው ያው ለአዋጁ የሚሰጠው ድምፅ ነው። ሃብሩም ወልድያም ለዚያ ምክር ቤት ሰው ይመርጣሉ፤ ይህን አንቀጽ በስሙ ጠቅሶ መጠየቅ የሚቻለው እሱን ነው።