ልዩ የቧንቧ መገጣጠሚያ በኮምፒዩተር ንድፍ

የቧንቧ መስመር ለመንደፍ በተዘጋጁ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ በሶሊድወርክስ፣ ነዳፊው በቅድሚያ የሚሥለው የቧንቧውን ማዕከላዊ መስመር ነው። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ቧንቧውንና በየመታጠፊያው የሚገባውን ኤልቦ ከዕቃዎች ማኅደሩ እያወጣ በመስመሩ ላይ ያሳርፋል። በማኅደሩ የሌለ መገጣጠሚያ ባስፈለገ ጊዜ ግን ሞዴሉን አዘጋጅቶ ማስገባት የነዳፊው ፈንታ ይሆናል።

ተማሪው የኤልቦውን ቅርጽ አሳምሮ ከሠራ ሥራው የተፈጸመ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ቅርጽን ተመልክቶ አይፈርድም። ሊነገረው የሚገባ ነገር ቧንቧው የት ላይ እንደሚያበቃና በየትኛው አቅጣጫ እንደሚገባ ነው። ስለዚህ በኤልቦው ሁለት አፎች ላይ የመጋጠሚያ ነጥቦች ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ ማዕከላዊ መስመሮች ተራዝመው በሚገናኙበት ስፍራ ደግሞ የመስመር ነጥብ ይቀመጣል። ቲ በተባለው መገጣጠሚያ ላይ የመጋጠሚያ ነጥቦቹ ሦስት ይሆናሉ። በመስመር ነጥቡና በመጋጠሚያ ነጥቡ መካከል ያለው ርቀት ከቧንቧው ርዝመት ላይ የሚቀነስ ልክ ነው።

ነገሩን በምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው ቢ16.9 ደረጃ መሠረት፣ የረጅም ሬዲየስ ኤልቦ ሬዲየስ በአብዛኛው የቧንቧው ስያሜ መጠን 1.5 እጥፍ ነው። የ4 ኢንች ቧንቧ የውጭ ዲያሜትሩ 114.3 ሚሊ ሜትር ቢሆንም፣ ስሌቱ የሚነሣው ከ4 ኢንች ስለሆነ ሬዲየሱ 152.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሚቀነሰው ልክ የሚገኘው ሬዲየሱን በመታጠፊያው ማእዘን ግማሽ ታንጀንት በማባዛት ነው። ስለሆነም ለ90 ዲግሪ 152.4፣ ለ60 ዲግሪ ደግሞ 88 ሚሊ ሜትር ይቀነሳል።

በሁለት መታጠፊያዎች የመስመር ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 1,000 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። አንደኛው መታጠፊያ 90፣ ሁለተኛው 60 ዲግሪ ቢሆን፣ የብየዳው ክፍተት ሳይታሰብ ቧንቧው 759.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይቆረጣል። ተማሪው የ60 ዲግሪውን ኤልቦ ከ90 ዲግሪው ገልብጦ ቅርጹን ብቻ ለውጦ የመጋጠሚያ ነጥቡን በቀድሞው ርቀት ቢተወው ግን፣ ፕሮግራሙ 695.2 ሚሊ ሜትር ብሎ ይመዘግባል። በሰፊ ንድፍ ላይ ይህ ክፍተት በቀላሉ ከዓይን ያመልጣል። በወርክሾፕ ውስጥ ግን ቧንቧው 64 ሚሊ ሜትር ያህል አጥሮ ይገኛል፤ የተቆረጠ ብረትም ተመልሶ አይረዝምም።

ከዚህ የተነሣ መምህሩ የፕሮግራሙን ትእዛዞች ከማስተማሩ አስቀድሞ ተማሪዎቹ ይህን ስሌት በወረቀት ላይ እንዲሠሩ ቢያደርግ ይመረጣል። ልዩ መገጣጠሚያ በተዘጋጀ ቁጥርም አንድ አጭር መስመር ነድፎ፣ ፕሮግራሙ የሰጠውን የመቁረጫ ርዝመት በእጅ ከተገኘው ውጤት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። የመርሐ ትምህርት አዘጋጆችም የሂሳብ፣ የንድፍና የወርክሾፕ ክፍለ ጊዜዎች በዚሁ ቅደም ተከተል እንዲያያዙ ቢያደርጉ፣ ተማሪው ስሕተቱን ብረት ሳይቆረጥ በፊት ለማግኘት ይችላል።