ከዶካ እስከ ባሕር ጠርዝ፦ የሞባይል ዳታ ለምን ከተባለለት ፍጥነት ያንሳል?

የሞባይል ዳታ ጥቅል ሲሸጥ የሚነገርለት ፍጥነት ጣሪያ ነው። አንድ ስልክ፣ ሌላ ተጠቃሚ በሌለበት፣ ታወሩ ሥር ሆኖ ሊደርስበት የሚችለውን ከፍተኛ ልክ ያሳያል። ገዢው እጅ የሚገባው ግን ከዚያ ጣሪያ ሥር ለብዙዎች የሚከፋፈል ድርሻ ነው። በማስታወቂያው ላይ ከቁጥሩ በፊት የምትገባው «እስከ» የምትል ትንሽ ቃል ይህን ልዩነት በሙሉ ተሸክማለች። «እስከ 100 ሜጋቢት» ከዜሮ በላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያካትት፣ 1 ሜጋቢት ብቻ የደረሰው ሰው በቃሉ መሠረት ቅሬታ ማቅረብ አይችልም።

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለማየት እንደ ዶካ ያለ ቦታ ይመቻል። ዶካ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ ከገዳሪፍ ከተማ ወደ ጋላባትና መተማ በሚወስደው መንገድ አጋማሽ ገደማ ትገኛለች። ዙሪያዋ ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራበት፣ ዓይን እስከሚያይ የተዘረጋ የዋልካ ሜዳ ነው። በአረምና በአጨዳ ወቅት ከኢትዮጵያ የሚሻገሩ የቀን ሠራተኞች ወደ አካባቢው ይጎርፋሉ፤ ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ወዲህም በዚያው አካባቢ በሚገኘው የኡም ራኩባ መጠለያ ከትግራይ የተሰደዱ ሰዎች ሰፍረዋል። ለእነዚህ ሰዎች ዳታ ቅንጦት አይደለም። የእናትን ፊት በኢሞ ማያ፣ በዋትስአፕ ድምፅ መላኪያ፣ የተላከ ገንዘብ መድረሱን ማረጋገጫ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ ለምን እንደሚያንስ ማወቅ ለእነሱ የኪስም የናፍቆትም ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው አለመግባባት ከመለኪያው ይነሳል። ሰው ሁለቱንም «ሜጋ» ይላቸዋል እንጂ ጥቅሉ የሚሸጠው በሜጋባይት፣ ፍጥነቱ የሚነገረው በሜጋቢት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚያሳልፍ መስመር 100 ሜጋባይት የሚመዝን ቪዲዮ ለማውረድ 80 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ብዙ ሰው የሚጠብቀው ግን 10 ሰከንድ ነው። ከዚህም ሌላ መረጃው ተቆራርጦ የሚጓዝባቸው ፓኬቶች የላኪና የተቀባይ አድራሻ ተሸክመው ስለሚሄዱ ከመስመሩ አቅም ጥቂቱ ለዚሁ ይውላል። ይህ ትንሹ ምክንያት ነው። ዋናው ያለው አየር ላይ ነው።

አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 አንድ የመገናኛ መስመር የሚያሳልፈው የመረጃ መጠን በሁለት ነገሮች እንደሚወሰን አሳየ፤ በተመደበለት የሞገድ ስፋትና መልእክቱ ከጫጫታው ምን ያህል ጎልቶ በመሰማቱ። ይህን ወሰን አልፎ የሚሄድ ቴክኖሎጂ የለም፤ 5ጂም ቢሆን። የ20 ሜጋኸርዝ ስፋት የተሰጠው የተለመደ የ4ጂ ቻናል፣ ታወሩም ስልኩም ሁለት ሁለት አንቴና ሲጠቀሙ፣ ቢበዛ በሰከንድ 150 ሜጋቢት ያህል ያወርዳል። የማስታወቂያ ቁጥሮች የሚወለዱት እንዲህ ካለው ስሌት ነው፤ ስሌቱ ትክክል ነው፣ ነገር ግን ጫጫታም ርቀትም ጎረቤትም የለበትም።

ርቀት ሲገባበት ነገሩ ይለወጣል። ታወሩ ሥር ያለ የ4ጂ ስልክ በአንድ የሬዲዮ ምልክት 6 ቢት ሊቀበል ይችላል። ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ በሰሊጥ ማሳ መካከል ያለው ስልክ ግን ምልክቱ ተዳክሞ ከጫጫታ ጋር ይቀላቀልበታል። በነፋስ ውስጥ ሩቅ ላለ ሰው የሚጣራ ሰው ቃሉን ቀስ አድርጎ እንደሚደጋግም ሁሉ፣ ታወሩም በአንድ ምልክት 2 ቢት ብቻ ይጭናል፤ ስህተት ማረሚያ የሚሆን ድግግሞሽም ይጨምርበታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ሩቅ ያለው ስልክ ያንኑ አንድ ፎቶ ለማውረድ ቅርብ ካለው ብዙ እጥፍ የአየር ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚዘገየው እሱ ብቻ ሳይሆን ተራ የሚጠብቁት ሁሉ አብረው ይዘገያሉ።

የገዳሪፍ ሜዳ ለሬዲዮ ሞገድ በረከትም ፈተናም ነው። ተራራ ስለማይከልለው፣ በተለይ እንደ 900 ሜጋኸርዝ ባሉ ዝቅተኛ ሞገዶች፣ ከአንድ ታወር የሚወጣው ምልክት ሩቅ ይደርሳል። ሽፋኑ ሰፋ ማለት ግን አንዱን ታወር የሚጋሩት ሰዎች በዙ፣ ከእነሱም ዳር ላይ የቀሩት በረከቱ ማለት ነው። ርቀቱ ገደብም አለው። የ2ጂ ኔትወርክ በተለመደው አሠራሩ ከታወሩ 35 ኪሎ ሜትር በላይ የሚገኝን ስልክ ሊያስተናግድ አይችልም፤ ምልክቱ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ ለስልኩ ከተመደበው ተራ ያልፋልና። የኢትዮጵያ ሲም ካርድ የያዘ ሠራተኛ ድንበሩ ላይ ጋላባት ሳለ የመተማን ኔትወርክ ቢያገኝ፣ ዶካ ሲደርስ የሚጠፋበት ለዚህ ነው። ለተራቀቁት ኔትወርኮችም ቢሆን የምድር ጉብጠት በመካከል ይገባል።

ሌላው ሩቅነት በስልኩ በኩል ያለው ነው። ታወሩ በአሥሮች በሚቆጠር ዋት ያሰራጫል፤ የእጅ ስልክ ግን በ4ጂ ቢበዛ በ0.2 ዋት ገደማ ነው የሚመልሰው። ስልኩ ላይ «አራት መስመር» ሞልቶ ሳለ ፎቶ መላክ የሚያቅተው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ መስመሮቹ የሚያሳዩት የታወሩ ድምፅ ለስልኩ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ እንጂ፣ የስልኩ ድምፅ ለታወሩ መሰማቱን አይደለም። ታወሩ ላይ የተረፈ ቦታ መኖሩንማ ጭራሽ አይናገሩም።

የተረፈ ቦታ የሚለው ቃል ወደ ዋናው ነጥብ ያደርሳል። የ4ጂ ታወር ዙሪያውን አብዛኛውን ጊዜ በሦስት አቅጣጫ ከፍሎ ያገለግላል። በእያንዳንዱ አቅጣጫ፣ ባለ 20 ሜጋኸርዙ ቻናል በ100 ብሎክ ይቆራረስና በየአንድ ሺኛው ሰከንድ ለጠያቂዎቹ እንደገና ይታደላል። ቅርብና ሩቅ ያሉ ስልኮች ሲቀላቀሉ፣ ጣሪያው 150 የተባለው ቻናል በአማካይ የሚሰጠው 30 ሜጋቢት ገደማ ነው እንበል። ማታ፣ ገበያው ተዘግቶ ሰው ወደየማደሪያው ሲገባ፣ 60 ሰዎች በአንድ አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ቢከፍቱ የእያንዳንዱ ድርሻ ግማሽ ሜጋቢት ይሆናል። መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ሳይቆራረጥ እንዲታይ ወደ አንድ ሜጋቢት ይፈልጋል። ስክሪኑ መሐል ላይ የምትሽከረከረው ክብ የምትመጣው ከዚህ ጉድለት ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ያው ስልክ፣ ያው ጥቅል፣ ያው ታወር ቪዲዮውን ያለ አንዳች ማቋረጥ ያሳያል።

መጨናነቁ ደግሞ ቀስ በቀስ አይደለም የሚብሰው። ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 የስልክ ጥሪዎችን መጨናነቅ በሒሳብ መግለጽ ጀመረ፤ ከዚያ የተነሳው የወረፋ ስሌት ዛሬም ያገለግላል። በቀላሉ ስሌት፣ የመስመሩ አቅም ግማሹ ሲያዝ አንድ ጥያቄ ባዶ መስመር ላይ ከሚፈጅበት ሁለት እጥፍ ይቆያል፤ 90 በመቶው ሲያዝ 10 እጥፍ፣ 95 በመቶው ሲያዝ 20 እጥፍ። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ተጠቃሚዎች ሲጨመሩ ሁሉም በአንዴ የሚንቀራፈፈው ስለዚህ ነው። በአዲስ አበባ በደመራ ቀን መስቀል አደባባይ፣ በጥምቀት ጃንሜዳ ላይ የሚታየውም ይኸው ነው። 4ጂ ከመጋቢት 2007 ዓ.ም.፣ 5ጂም ከግንቦት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በገባበት ከተማ፣ በአንድ ሥፍራ የተሰበሰበ ሕዝብ ሁሉ ስልኩን ከፍ አድርጎ ሲቀርጽና ሲልክ ጣሪያው ድርሻ ይሆናል።

አየሩ ቢመችም መንገዱ ገና ነው። በገጠር ብዙ ታወሮች እርስ በርስ የሚያያዙት በማይክሮዌቭ ነው፤ ከአንዱ ታወር ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው፣ ፋይበር እስከሚገኝበት ድረስ። ለከተማው ቅርብ የሆነው ታወር ከኋላው ያሉትን ሁሉ ጭነት ይሸከማል። ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ የሚሠራ ማይክሮዌቭ በከባድ ዝናብ ይዳከማል፤ የገዳሪፍ ክረምት ደግሞ ሠራተኛው በብዛት የሚገባበት የአረም ወቅት ነው። ኤሌክትሪክም አለ። ከኢትዮጵያ በጎንደርና በሸኸዲ በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚገባ የ230 ኪሎ ቮልት መስመር አለ፤ ሆኖም መብራት ሲጠፋ ታወር በባትሪና በናፍጣ ጄኔሬተር ነው የሚቆመው። ናፍጣ ሲያጥር ኃይል ለመቆጠብ ፈጣኖቹ ቻናሎች ቀድመው ሊዘጉ ይችላሉ፤ ስልኩ ኔትወርክ አለው፣ የቀረው ግን ቀርፋፋው ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ፋይበር ነው፤ መዳረሻውም ፖርት ሱዳን። ሱዳንን ከዓለም ጋር የሚያገናኙት የባሕር ውስጥ ኬብሎች፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረውን ኢሲ የተባለውን ኬብል ጨምሮ፣ በቀይ ባሕር ዳር እዚያው ይወጣሉ። ኢትዮጵያም የባሕር በር ስለሌላት በጂቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ነው ወደ ኬብሎቹ የምትደርሰው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ 1,000 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 5 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ገጽ ለመክፈት ስልኩና ሰርቨሩ ደጋግመው ይመላለሳሉ፤ መልእክቱ መድረሱ ሳይረጋገጥም ሰርቨሩ ፍጥነቱን አይጨምርም። ሰርቨሩ አውሮፓ ከሆነ እያንዳንዱ ምልልስ ይደመራል፤ ጥቅሉ የቱንም ያህል «ፈጣን» ቢሆን ይህ አይቀንስም።

ይህ ረጅም ሰንሰለት ምን ያህል ስስ እንደሆነ የሱዳን ጦርነት አሳይቷል። ውጊያው በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ከወራት በኋላ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የሱዳኒ፣ የኤምቲኤንና የዜይን ኔትወርኮች በቀናት ልዩነት ጸጥ አሉ። ውጊያ ያልደረሰባቸው ከተሞች ሁሉ ተቋረጡ፤ የኔትወርኮቹ ልብ የነበሩት ዳታ ማዕከላት ካርቱም ውስጥ ነበሩና። ምሥራቁ አገልግሎት መልሶ ማግኘት የጀመረው ፖርት ሱዳን ላይ በተዘጋጁ ማዕከላት አማካይነት ነው። በዚያ ክፍተት ብዙዎች በሰዓት እየከፈሉ በስታርሊንክ ተገናኝተዋል፤ አንዱን ሳሕን የሚጋሩት ሰዎች በበዙ ቁጥር ያው የድርሻ ሕግ እዚያም ይሠራል።

ጥቂት ምክንያቶች በሻጩና በገዢው እጅ ናቸው። «ያልተገደበ» የሚባሉ ጥቅሎች ብዙ ጊዜ የተወሰነ መጠን ካለቀ በኋላ ፍጥነቱን የሚቀንስ አንቀጽ አላቸው። አሮጌ ስልክም ታወሩ የሚያሰራጭባቸውን ሞገዶች በሙሉ ላይቀበል ይችላል። የፍጥነት መለኪያ መተግበሪያዎችን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ የሚለኩት እስከ ቅርብ ሰርቨር ድረስ ስለሆነ፣ ቁጥሩ አምሮ ሳለ ቪዲዮው ሊቆም ይችላል። ችግሩ ከታወሩ ወዲህ ወይም ወዲያ መሆኑን ለመለየት ግን ይረዳሉ፤ ቅርቡ ሰርቨር ፈጥኖ ሩቁ ከዘገየ ማነቆው ያለው ከታወሩ ወዲያ ነው።

ከእነዚህ ምክንያቶች አብዛኞቹን ኦፕሬተር በአንድ ሌሊት ማስወገድ አይችልም፤ ሜዳውን ማጥበብም ሆነ ባሕሩን ማቅረብ አይቻልም። ማስታወቂያውን ማረም ግን ይችላል። በብሪታንያ ለቤት ብሮድባንድ «እስከ» የሚለው ቃል፣ ከደንበኞቹ 10 በመቶው ብቻ የሚያገኙትን ፍጥነት ለማስተዋወቅ ይውል ነበር። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ወዲህ ግን በማስታወቂያ የሚጠቀሰው ፍጥነት፣ ሰው በሚበዛባቸው የምሽት ሰዓታት ቢያንስ ግማሾቹ ደንበኞች የሚያገኙት አማካይ መሆን አለበት። ለሞባይል ዳታም የሚበጀው ይኸው ነው። የዶካ ሠራተኛ ካርዱን የሚሞላው ምሽት ላይ ከቤተሰቡ ጋር ለመነጋገር ነውና፣ በጥቅሉ ላይ ሊጻፍለት የሚገባው ቁጥር የምሽቱ ቁጥር ነው።