ከአስኮ እስከ ዓለማያ፤ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለንግድ ሰው ያላቸው ጥቅም

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል የሚገኘው አስኮ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው የጫማ ፋብሪካው ሲሆን ሁለተኛው ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሆለታና ወደ አምቦ የሚወስደው አውራ ጎዳና ነው። ጫማ ያለ ቆዳና ሌጦ አይሠራም፤ በጎዳናውም ላይ እህል፣ የቅባት እህልና ከብት ወደ ከተማ ይገባል። በዚህ ሰፈር የሚነግድ ሰው የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የተማሪዎች ጉዳይ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን በየመጋዘኑ የሚያከራክሩት ጥያቄዎች መልስ ብዙ ጊዜ በዚያ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው ሌጦ ነጋዴዎች «እከክ» እያሉ የሚጠሩት ጉዳት ነው። የበግ ሌጦ ሲገዛ ቢላዋ ያልቆረጠው፣ ጨው በሚገባ የጠጣና ያልሸተተ ከሆነ መልካም ዕቃ ነው ተብሎ ዋጋው ይከፈላል። ጉዳቱ የሚገለጠው ሌጦው ወደ ቆዳ ፋብሪካ ገብቶ ፀጉሩ ከተነሣ በኋላ ነው። ያን ጊዜ በገጹ ላይ ጥቃቅን እብጠቶች ተበትነው ይታያሉ፤ ቀለሙንም እኩል አይቀበልም። ለጓንትና ለምርጥ ጫማ የታሰበው ሌጦ ደረጃው ወርዶ ከተራው ጋር ይቆጠራል። ፋብሪካው አቅራቢውን ይወቅሳል፤ አቅራቢው ደግሞ ጥፋቱን ለአራጁ፣ ለጨው ወይም ለፋብሪካው ኬሚካል ይሰጣል። ሁሉም ገንዘብ ያጣል፤ ጥፋተኛው ግን ከመካከላቸው የለም።

ጥፋተኛው ቅማል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት በኒው ዚላንድ የነበሩ ተመራማሪዎች ቅማል የያዛቸውንና ያልያዛቸውን በጎች ለይተው በማርባት ሌጦአቸውን አነጻጸሩ፤ እብጠቱ የሚመጣው በበጉ ቆዳ ላይ ከሚኖረው ቅማል የተነሣ መሆኑንም አስረዱ። በኢትዮጵያም የእንስሳት ሐኪሞች ባደረጉት ጥናት እከክ ከቅማልና ከመሰል የቆዳ ላይ ተባዮች ጋር የተያያዘ መሆኑ ታውቋል። እንግዲህ መፍትሔው በፋብሪካው ገንዳ ውስጥ ሳይሆን በጉ በሕይወት ሳለ በመድኃኒት በመንከር ወይም በመርጨት ላይ ነው። ይህን የመሰለ ለንግድ የሚጠቅም ነገር የታተመው በእንስሳት ሕክምና መጽሔት ነበር። ያ መጽሔት በመርካቶ አይሸጥም፤ የሚፈለገው በቢሾፍቱ እንዳለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል ባሉ ቤተ መጻሕፍት ነው።

እንዲህ ያለው ዕውቀት ወደ አገራችን የገባበት መንገድ ከጥንት ጀምሮ የሁለት ትምህርት ቤቶች ሽርክና ነው። የኦክላሆማ እርሻና መካኒክስ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1950 ኢትዮጵያን ጎበኙ። በማግሥቱ ዓመት በቴህራን አጠገብ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ስለ ሞቱ የሐሳባቸውን ፍሬ አላዩም። ሆኖም በ1944 ዓ.ም. በኮሌጁና በኢትዮጵያ መንግሥት መካከል ውል ተፈረመ፤ በ1945 ዓ.ም. የጅማ የእርሻና የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የዓለማያ ሕንፃ እስኪያልቅ ድረስ የኮሌጁ ትምህርት የተጀመረው በጅማ ነበር። በጥር 1950 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዓለማያን ኮሌጅ መርቀው ከፈቱ። ይኸውም ኮሌጅ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የሚጠራው ነው።

የኦክላሆማ ውል ማስተማርን፣ ምርምርንና ገበሬውን ማሠልጠንን በአንድነት የያዘ ነበር። እርሻ የሚማር ተማሪ ሒሳብን፣ ኬሚስትሪንና ሥነ ሕይወትን አስቀድሞ መማር ስላለበት ቤተ መጻሕፍቱም ለእነዚህ ሁሉ መጠን መደራጀት ነበረበት። ውሉ በ1960 ዓ.ም. ሲያበቃ እንግዶቹ መምህራን ወደ አገራቸው ተመለሱ። የሒሳብና የኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፍ ቢያንስ አንድ ትውልድ ያገለግላል። የምርምር መጽሔት ግን እንደ ትኩስ ዕቃ ነው፤ የዘንድሮው ካልመጣ ያምናው የሚነግረው ያምናውን ብቻ ነው።

አስመጪ የሆነ ሰው ይህን ችግር ከማንም ይልቅ ይረዳዋል። መጽሔትም እንደ ማናቸውም ሸቀጥ ከውጭ አገር የሚመጣና በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ዕቃ ነው። ከዚህም የሚብሰው ገንዘቡ በየዓመቱ የሚከፈል መሆኑ ነው፤ አንድ ዓመት የተቋረጠ እንደ ሆነ ጥራዙ ይጎድላል፤ የጎደለውን በኋላ መግዛት ደግሞ እጅግ ውድ ነው። የአንዳንዱ የሳይንስ መጽሔት የዓመት ዋጋ የአንድ ሱቅ ሙሉ ዕቃ ይገዛል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ችግሩን ለማቃለል የመጀመሪያውን ታላቅ እርምጃ የወሰደው በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የማን ቤተ መጻሕፍት ነው። ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ ከ100 በላይ የሚሆኑ የእርሻ ሳይንስ መጽሔቶችን ሙሉ ጽሑፍ በሲዲ ላይ ቀረጸና እ.ኤ.አ. በ1999 «ቲል» በሚል ስም ለድሃ አገሮች ቤተ መጻሕፍት በአነስተኛ ዋጋ ማቅረብ ጀመረ። የስልክ መስመር በሌለበት ኮሌጅ ሳይቀር አንድ ኮምፒዩተር ካለ ያን ሁሉ ማንበብ ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከኮርኔልና ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ «አጎራ» የተባለውን አገልግሎት ከፈተ፤ ይህም በኢንተርኔት የሚሠራ ነው። ኢትዮጵያ ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙ ከተፈቀደላቸው አገሮች አንዷ ናት።

እዚህ ላይ ነጋዴው ማወቅ ያለበት አንድ ደንብ አለ። አጎራ የሚመዘግበው ዩኒቨርሲቲን፣ የምርምር ተቋምን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትንና ለትርፍ ያልቆመ ድርጅትን እንጂ የንግድ ኩባንያን አይደለም። የመግቢያው ቁልፍ ቃል ለተቋሙ የተሰጠ ስለ ሆነ ለወዳጅ አይዋስም። ደንቡ የሚያስቀይም ቢመስልም አሳታሚዎቹ ዕቃቸውን በነጻ የሰጡት በዚህ ውል ነው፤ ውል ምን እንደ ሆነ ደግሞ ነጋዴ ያውቃል። ስለዚህ ላኪው ወይም ባለ ሱቁ ዕውቀቱን የሚያገኘው በተመራማሪው በኩል ነው ማለት ነው።

ሁለቱ ሳይገናኙ ሲቀሩ የሚደርሰውን ጉዳት ፋጉሎ ያሳያል። ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ለወተት ላሞች የታወቀ መኖ ነው፤ ገዢም አያጣም። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት ያሉ ተመራማሪዎች በአዲስ አበባና በአካባቢዋ 110 የወተትና 156 የመኖ ናሙናዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳተሙ። የፈለጉት አፍላቶክሲን የተባለውን፣ ከሻጋታ የሚመጣና ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ነበር። ከ110ሩ የወተት ናሙና የአውሮፓ ኅብረት በወሰነው ልክ፣ ማለት በሊትር ከ0.05 ማይክሮግራም ያልበለጠ ሆኖ የተገኘው 9 ብቻ ነበር። 29ኙ ከዚያ ዐሥር እጥፍ የሆነውን 0.5 ማይክሮግራም አልፈው ተገኙ። መርዙን ወደ ወተቱ በማምጣት በዋናነት የተጠረጠረው ፋጉሎው ነው።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። እርጥበት ያገኘው ኑግ ወይም ፋጉሎ ይሻግታል፤ ሻጋታው መርዙን ይተክላል። የመጭመቂያው ሙቀት መርዙን አያጠፋውም፤ አብዛኛውም ከዘይቱ ጋር ሳይሄድ በፋጉሎው ይቀራል። ላሟ ስትበላው በወተቷ ታወጣዋለች። እንግዲህ በክረምት ፋጉሎን ከሲሚንቶ ወለል አንሥቶ በእንጨት ርብራብ ላይ መደርደር፣ የኑጉንም ድርቀት ከመጨመቁ በፊት መመርመር የወተት ጠጪውን ሕፃን ጤና የሚነካ ሥራ ነው። ይህ ጽሑፍ የታተመው ስለ ምግብ ቁጥጥር በሚያወሳ የውጭ አገር መጽሔት ነው። ፋጉሎ ሻጩ አያነበውም፤ አንባቢው ተመራማሪም ፋጉሎ አይሸጥም።

በርበሬም ከዚሁ ዕጣ አላመለጠም። በአዲስ አበባ የተሸጠ የተፈጨ በርበሬና ሽሮ በአፍላቶክሲን መበከሉን የሚገልጽ ጥናት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በርበሬ ወደ አውሮፓ የሚልክ ነጋዴ ዕቃው በኪሎ ግራም ከ10 ማይክሮግራም በላይ ጠቅላላ አፍላቶክሲን የተገኘበት እንደ ሆነ በወደቡ እንደሚታገድበት ያውቃል። ማስጠንቀቂያው በገዛ አገሩ መጽሔት ታትሞ መቀመጡን ግን ስንቱ ሰምቶ ይሆን?

ከአስኮ ተነሥቶ ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው የዚህን ሽርክና ፍሬ በመንገዱ ላይ ያገኛል። 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የሆለታ የእርሻ ምርምር ማዕከል አለ። ከዚያም አልፎ ኦሎንኮሚ ይደርሳል፤ ይህ የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የትውልድ ስፍራ ነው። ፕሮፌሰሩ በልጅነታቸው 20 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ ተምረው፣ ኦክላሆማ ባቋቋመችው የጅማ ትምህርት ቤትና በዓለማያ ኮሌጅ አልፈው ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። «ጎብዬ» እና «አብሽር» የተባሉት የማሽላ ዘሮች ከዚህ ሥራ የተገኙ ናቸው። የጎዳናው ጫፍ አምቦ ሲሆን በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረው ተቋም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ከዚህ ሌላ እ.ኤ.አ. በ2019 መንግሥት ባወጣው መመሪያ በሕዝብ ገንዘብ የተደረገ ምርምር ለማንም ክፍት በሆነ ብሔራዊ ማከማቻ እንዲቀመጥ ታዝዟል፤ ይህንንስ ነጋዴውም ራሱ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። ለቀረው ግን ጥያቄን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲው መሄድ ያስፈልጋል። ባዶ እጅ መሄድም አያሻም። ሌጦው በየትኛው ወር፣ ከየትኛው ገበያ እንደ ተገዛ፣ ከመቶው ስንቱ በፋብሪካ እንደ ወደቀ፣ ፋጉሎው ስንት ሳምንት በመጋዘን እንደ ቆየ የሚገልጸው መዝገብ ያለው በነጋዴው እጅ ነው። ተመራማሪው በብዙ ድካምና ወጪ የሚሰበስበው ይህንኑ ነው። የንግድ ምክር ቤቶችና የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የየወቅቱን ጥያቄ የሚቀበልና መልሱን በአማርኛ አሳጥሮ የሚመልስ አንድ ሠራተኛ በጋራ ቢመድቡ፣ የሠራተኛው የዓመት ደመወዝ በእከክ ምክንያት ደረጃው ከወረደ አንድ ጭነት ሌጦ ዋጋ ጋር ሲተያይ ከባድ ወጪ የሚሆን አይመስልም።