ስለ ግቢ ዛፎችና አበቦች አመራረጥና አጠባበቅ

አንድ ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ የወጣበትን አገር፣ የተሠራበትን ነገር፣ በመጋዘን ምን ያህል ጊዜ ሊቈይ እንደሚችልና ምን ዓይነት ገዢ እንደሚፈልገው ሳይመረምር ገንዘቡን አያወጣም። ይኸው ሰው ግን ለመኖሪያ ግቢው ችግኝ ሊገዛ ሲሄድ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ትቶ፣ በመንገድ ዳር ተደርድረው ከሚያያቸው መካከል ቅጠሉ ያማረውን ወይም አበባው የደመቀውን አንሥቶ ይመለሳል። ችግኝ ከሌላው የንግድ ዕቃ ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም በተገዛበት ቀን ከክንድ የማይበልጠው ተክል ከ10 ዓመት በኋላ ከቤቱ ጣራ በላይ ሆኖ መገኘቱ ነው። ስለዚህ ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው ተክሉ ወደ ፊት ስለሚደርስበት ቁመትና ስፋት፣ ስለሚጠጣው ውኃና ስለ ሥሩ አካሄድ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የቦታው ከፍታ ይታሰባል። አዲስ አበባ በቦሌ በኩል ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፣ በእንጦጦ በኩል ከ3,000 ሜትር ታልፋለች። ከፍታው በ100 ሜትር በጨመረ ቍጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ በአንዲት ከተማ ውስጥ እንኳ በታችኛው ሰፈር የሚያምረው ተክል በላይኛው ሰፈር በኅዳርና በጥር መካከል በሚወርደው ውርጭ ሊጠወልግ ይችላል። ለንግድ ወደ ድሬዳዋ የወረደ ሰው የቡገንቪሉን ድምቀት አይቶ ቅርንጫፍ ይዞ መመለሱ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የድሬዳዋ ከፍታ 1,200 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ተክሉ በደጋው ያንኑ መልክ እንዲሰጥ የሚፈልግ ሰው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚያርፍበት የድንጋይ ግንብ ሥር ሊተክለው ይገባል። ማንጎና ፓፓያም በአዲስ አበባ ከቅጠል አልፈው ደኅና ፍሬ መስጠታቸው አጠራጣሪ ነው። ኮክ ግን ብርዱን ይወደዋል። ከጨንቻ ደጋ የሚመጣውም የፖም ችግኝ እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው የፖም ዝርያ ብቻውን ሲተከል ፍሬው ስለሚያንስ፣ ገዢው በአንድ ወቅት የሚያብቡ ሁለት ልዩ ልዩ ዝርያዎችን ማቀራረብ አለበት። ይህን ሳይነግር አንዱን ብቻ የሚሸጥ ባለ ችግኝ ደንበኛውን ከጥቂት ዓመት በኋላ ያጣዋል።

ስለ ባሕር ዛፍ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አገሩ አውስትራልያ የሆነው ይህ ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ዙሪያ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አልቆ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር ታስቦ ነበር፤ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከተማዪቱ ባለችበት እንድትጸና ከረዱት ነገሮች አንዱ ሆነ። ውለታው ይህን ያህል ቢሆንም ለ200 ካሬ ሜትር ግቢ የሚስማማ ዛፍ አይደለም። ነጩ ባሕር ዛፍ ከ30 ሜትር በላይ ያድጋል፤ ሥሩ ውኃ ፍለጋ ርቆ ይሄዳል፤ በአጠገቡ የተተከለ አትክልት ይቀጭጫል፤ ቢቈረጥ እንኳ ከጕቶው መልሶ ያቈጠቍጣል። በሁለት ቤቶች መካከል የቆመውን ረጅም ባሕር ዛፍ በገመድ እያሰሩ ቅርንጫፉን በየተራ ማውረድ ብዙ ሰው፣ ብዙ ቀንና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ከዚህም በላይ ጣራው ወይም አጥሩ የተጐዳበት ጎረቤት አለ፤ በጎረቤት መካከል የሚነሣ ክርክር ደግሞ ለዛፉ ከወጣው ዋጋ ጋር አይመዛዘንም።

ዋርካና ሾላም እንዲሁ ናቸው። ጥላቸው የተወደደ ቢሆንም ሥራቸው ለመሠረት፣ ለውኃ ቧንቧና ለፍሳሽ ጉድጓድ አደጋ ነው። ዝግባና ኮሶ የአገራችን ክብር ናቸው፤ ቦታቸው ግን ሰፊው የቤተ ክርስቲያን ቅጥርና የትምህርት ቤት ግቢ ነው።

ታዲያ ለጠባብ ግቢ የሚሆነው ምንድን ነው ቢባል፣ መልሱ ሩቅ አይደለም። ወይራ እድገቱ ዝግ ያለ ስለ ሆነና መከርከምን ስለሚታገሥ ለዓመታት በተፈለገው ልክ ሊያዝ ይችላል። ግራዋ ቶሎ ያድጋል፤ አበባው ንብ ይስባል፤ ቅጠሉም የጠላ ጋን ለማጠብ እንደሚያገለግል እያንዳንዷ የቤት እመቤት ታውቃለች። ቀጋ የአገራችን የዱር ጽጌረዳ ነው፤ ነጭ አበባው መዓዛ አለው፤ ፍሬው ይበላል፤ እሾሁም ለአጥር ይጠቅማል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን በከተማ ግቢ ተገቢውን ቦታ ያላገኘው ጌሾ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ከገበያ ለጠላና ለጠጅ ተገዝቶ ሲመጣ ነው እንጂ፣ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴና አብረቅራቂ እንደ ሆነ፣ ሲከረከም ጥቅጥቅ ብሎ እንደሚያምር፣ ብርዱንም እንደሚችል ልብ ያለው ጥቂት ነው። ውበቱ እንኳ ቢቀር ቅጠሉ ይሸጣል። ከበር እስከ ደረጃው ባለው መንገድ ዳርና ዳር ደግሞ የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረትና ዳማከሴ ቢደረደሩ ለዓይንም፣ ለአፍንጫም፣ ለወጥ ቤትም ይበቃሉ።

ለአጥር ብዙ ሰው የሚመርጠው የፈረንጅ ጥድ ነው። ይህ ዛፍ የመጣው ከሜክሲኮና ከአካባቢዋ አገሮች ሲሆን፣ በየጊዜው ከተከረከመ እንደ ግንብ ቀጥ ይላል። ሆኖም ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ ቅጠል ወደሌለው ደረቅ እንጨት ድረስ ጠልቆ ከተቈረጠ አያገግምም፤ ስለዚህ ለሦስትና ለአራት ዓመት ተትቶ የቈየውን አጥር በአንድ ቀን ለማሳጠር የሚነሣ ሰው አጥሩን ይገድለዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ ለስለስ ባለው ቅጠል ላይ ብቻ መከርከም ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1986 በማላዊ የታየውና በምሥራቅ አፍሪካ የተዛመተው የጥድ ክሽክሽ ወደ አገራችንም ደርሷል። ቅርንጫፉ ከውስጥ ወደ ውጭ እየቀላ መድረቅ ከጀመረ ይህ ተባይ ሊሆን ስለሚችል፣ የታመመውን ክፍል ቈርጦ ማቃጠል ይገባል። አዲስ አጥር የሚተክል ሰው ክትክታን ከጌሾ ጋር አሰባጥሮ ቢተክል አንዱ ሲታመም ሌላው ይቀርለታል።

ስለ መርዛም ተክሎች ሻጮቻችን ዝም ማለታቸው የሚያሳዝን ነው። ሮዝና ነጭ አበባ የሚያወጣው ኦሊያንደር ድርቅን ስለሚችልና ዓመቱን ሁሉ ስለሚያብብ በቈላ ከተሞች እጅግ ይወደዳል፤ ነገር ግን ቅጠሉም፣ አበባውም፣ ግንዱም መርዝ ነው። ለበዓል የተገዛ በግ በአጠገቡ ቢታሰርና ጥቂት ቅጠል ቢበላ እስከ በዓሉ ላይደርስ ይችላል። እንደ መለከት ወደ ታች የሚንጠለጠል ነጭ ወይም ቢጫ አበባ ያለውም ቍጥቋጦ፣ ከአስተናግር ጋር የሚዛመድ በመሆኑ፣ ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ ሊተከል አይገባም። የቍልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ቢገባ ከባድ ጕዳት ያደርሳል፤ አጥር የሚያርም ሠራተኛም ይህን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ችግኝ ሲገዛ ከቅጠሉ ይልቅ ሥሩን መመልከት ይሻላል። በጥቍር ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ብዙ ጊዜ የቈየ ችግኝ ሥሩ በከረጢቱ ዙሪያ ይጠቀለላል፤ ከተተከለም በኋላ እንደ ተጠቀለለ ይቀጥልና ከዓመታት በኋላ ዛፉን ራሱን ያንቀዋል፣ ወይም ነፋስ በመጣ ጊዜ በቀላሉ ይጥለዋል። ስለዚህ ረጅምና ቀጭን ከሆነው ይልቅ አጠር ብሎ ግንዱ የወፈረውን፣ ከከረጢቱ ሥርም ወፍራም ሥር ያላወጣውን መምረጥ ነው። በተከላ ጊዜ ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይወልቃል፤ የተጠመዘዘው የሥር ጫፍ በስለት ይቈረጣል። ከነላስቲኩ የሚተክሉ መኖራቸው ያስደንቃል፣ ግን አሉ። አቮካዶና ሎሚ የሚፈልግ ሰው ከፍሬው የበቀለውን ትቶ፣ ከተመረጠ ዛፍ የተዳቀለውን ቢገዛ ዋጋው ቢበልጥም ፍሬውን በብዙ ዓመት ቀድሞ ያገኛል።

ጉድጓዱ በግንቦት ተቈፍሮ አፈሩ ፀሐይ ሊመታው ይገባል። የተከላው ጊዜ ዝናቡ ከተደላደለበት ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው፤ በነሐሴ መጨረሻ የተተከለው ሥሩን ሳይሰድ በጋው ይደርስበታል። የቦታው አፈር መረሬ እንደ ሆነ በክረምት ውኃ ይይዛል፣ በበጋም ይሰነጠቃል፤ በዚህ ጊዜ የበሰበሰ ፍግና ጥቂት አሸዋ ቀላቅሎ ተከላውን ከመሬቱ ከፍ ማድረግ ይጠቅማል። ትኵስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ግንዱም በከረጢቱ ውስጥ ከነበረበት ልክ በላይ በአፈር መቀበር የለበትም።

በበጋ ብዙ ሰው በየማታው አፈሩን በጥቂቱ ማርከፍከፍ ልማዱ ነው። ይህ ውኃን ያባክናል፤ ሥሩንም ወደ ላይ ይስበዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ በዝግታ ጠልቆ እንዲገባ ማጠጣትና በሥሩ ዙሪያ ደረቅ ሣር ማልበስ የተሻለ ነው። ውኃ በተራ በሚለቀቅበት ሰፈር አትክልት የታጠበበትን ውኃ መጠቀም ይቻላል፤ በረኪና ያለበት ግን ተክል ይገድላል።

ጽጌረዳን በሚመለከት፣ አገራችን ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ የአበባ ላኪ በመሆኗ፣ ከእርሻው የሚወጣው ዓይነት በግቢም ይበቅላል የሚል ግምት አለ። ለውጭ ገበያ የሚመረቱት ዝርያዎች በላስቲክ ቤት ውስጥ በመድኃኒትና በተመጠነ ውኃ የሚያድጉ ናቸው፤ በሜዳ ላይ ሲተከሉ ዝናብና ሻጋታ ቶሎ ያሸንፋቸዋል። ደግሞም ብዙዎቹ በአዳቃዮቻቸው መብት የተጠበቁ ስለ ሆኑ ያለ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ ያስጠይቃል። ለግቢ የሚሻለው በሰፈሩ ለዓመታት ሲያብብ የታየው ዓይነት ነው። የጠወለገው አበባ ቶሎ ይቈረጥ፤ ክረምቱ እንዳለፈ ደረቁና እርስ በርሱ የሚፋተገው ቅርንጫፍ ይወገድ፤ መቍረጫው ስለታም ሆኖ ወደ ውጭ ከሚያይ ቡቃያ ጥቂት ከፍ ብሎ በማዘንበል ይቍረጥ። ዱቄት የሚመስል ነጭ ሻጋታ የታየበት ቅጠል ተለቅሞ ይቃጠል፤ ውኃም በሥሩ እንጂ በቅጠሉ ላይ አይፍሰስ።

ከውጭ አገር ዘርና ችግኝ ለሚያስመጡ አባሎቻችን ደግሞ የተለየ ኀላፊነት አለባቸው። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ በዓለም የተሠራጨው ለሐምራዊ አበባው ውበት ተብሎ ነው። በአገራችን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ታየ፤ በ2011 በጣና ሐይቅ መኖሩ ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ የዓሣ አጥማጁን መረብና የጀልባውን መንገድ መዝጋቱን፣ ለነቀላውም የፈሰሰውን ጕልበትና ገንዘብ ሁሉም ያውቀዋል። የወፍ ቆሎም ለአጥርና ለአበባ ተብሎ የገባ ነው፤ ስሙ እንደሚያመለክተው ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ስለሚበትኑ ዛሬ በብዙ ስፍራ የግጦሹን መሬት ወርሮታል፤ ቅጠሉም ከብት ይመርዛል። ስለዚህ አስመጪው ዕቃው ከመጫኑ በፊት አግባብ ካለው የግብርና መሥሪያ ቤት የማስገቢያ ፈቃድ ማግኘት፣ ከላኪውም አገር የዕፀዋት ጤንነት ምስክር ወረቀት መቀበል አለበት። ይህ ምስክር ወረቀት በ1951 በጸደቀው ዓለም አቀፍ የዕፀዋት ጥበቃ ስምምነት መሠረት የሚሰጥ ነው። ከመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ በጋዜጣ ተጠቅልሎ የሚገባው ቅርንጫፍ ይህን ሁሉ ያመልጣል፤ በሥሩ አፈርም ውስጥ ምን ተባይ እንዳለ ማንም አያየውም።

ችግኝ ለሚሸጡ ባለ ሱቆች የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ችግኝ ላይ ትንሽ ካርቶን ቢንጠለጠልና ስሙ፣ የሚደርስበት ቁመት፣ ከግንብ የሚርቅበት ልክ፣ የውኃው መጠንና መርዝ ያለው እንደ ሆነ ቢጻፍበት ወጪው ከሳንቲም አይበልጥም። ለምሳሌ፣ «ጌሾ፤ እስከ 5 ሜትር ያህል ያድጋል፣ ሲከረከም በ1 ሜትር ተኩል ይያዛል፤ ከግንብ 1 ሜትር ይራቅ፤ በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ይጠጣ፤ በሐምሌ ይተከል።»